ከችካሉ ሥር ያለው ከሰል

በስማዳ አገር ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲጣላ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ወደ ቢሻው ነበር። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቢሻው ግን ይመራል። መምራት ማለት እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ባላጋራዎች ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ፣ ቄሱ ወንጌል ይዘው ይቆማሉ፣ ቢሻው ጫማውን አውልቆ እጁን ወንጌሉ ላይ ጭኖ ይምላል። ከዚያ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ወሰኑ ከጥንት በነበረበት ላይ ይራመዳል። እሱ በረገጠበት ድንጋይ ይተከላል። ከእያንዳንዱ ድንጋይ ሥር ከኮሮጆው አንድ እፍኝ ከሰል ይጨምራል፤ ድንጋይ የሚነቅል ሰው ከሰሉን ልብ አይለውም፣ ከሰል ደግሞ መሬት ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ያው ከሰል ነው። ይህን ሥራ ከአባቱ ተቀብሎ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠርቶታል። አንድም ቀን ዋጋ አልተቀበለበትም።

ከመራቸው ወሰኖች ሁሉ በአገሩ የሚወራለት የፊልጶስና የክንዱ ነው። ሁለቱ በግማሽ ጥማድ የገብስ መሬት ተጣልተው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ አንዱ ከማሳው በላይ አንዱ ከማሳው በታች አድፍጠው ሲጠባበቁ ቢሻው መካከላቸው ገብቶ ቆመ። ማለና መራ። መሬቱ የክንዱ ሆነ። ፊልጶስ፣ ያ በቁጣው የሚታወቀው ፊልጶስ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ «አያ ቢሻው ከማሉ አበቃ» አለና ወደ ቤቱ ገባ። ይኸ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ግማሽ ጥማዱን ያጣው ይኸው ሰው ቢሻውን መንገድ ላይ ሲያገኝ እስከ ዛሬ ከበቅሎው ይወርድለታል።

ስድሳን ሲያልፍ ቢሻው መሬቱን ለወንዶች ልጆቹ አካፍሎ ከሚስቱ ከዘርፌ ጋር ወይራ በር ገባ። ወይራ በር ከወረዳው ከተማ ከወገዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ከተራራ ሥር የተለጠፈች፣ አንድ የገበያ መንገድና አንድ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ ናት። ከተማ መሆኗን አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት ነዋሪዎቿ ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም ምክር ቤት አላት። ምርጫ ሲመጣ የቢሻውን ስም አንድ ሰው ጠራ፣ የቀረው አጨበጨበ፣ በቃ፣ የምክር ቤት አባል ሆነ።

ምክር ቤቱ አዳራሽ ስለሌለው የሚሰበሰበው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ «ለ» ክፍል ነው። ሃያ አንድ የተከበሩ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አጥፈው፣ ያልጠፋ የማባዛት ሠንጠረዥ ከፊታቸው ተደቅኖ፣ ስለ ከተማዋ ዕድገት ይወስናሉ። አፈ ጉባኤው ወርቅነህ ድሮ አስተማሪ ስለነበረ ነው መሰለኝ እጁን ያላወጣ ሰው አያናግርም።

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. የዓመቱ የግንባታ በጀት ሲቀርብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ወገን የገበያው ቦታ ይታጠር አለ። ሌላው ማዘጋጃ ቤቱ የብረት በር ይግባለት አለ፤ ይህን ያሉት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ የሚቀመጡት ናቸው። ቢሻው እጁን አወጣ።

«ካቻምና ክረምት መግቢያ ላይ ጎርፉ የጣለው ግድግዳ ይኸ ከጀርባችሁ ያለው ነው» አለ። «ቅዳሜ ሆነና ልጅ አልነበረበትም። ዓርብ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ በር አናወራም ነበር።»

የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር ብሎ ተቀመጠ። አሥራ አራት እጅ ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ተነሣ። ቦዩ ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ ከተማዋን አቋርጦ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሥራው ከሰኔ ሠላሳ በፊት ካልተሠራ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፣ ክረምቱም ትምህርት ቤቱን እንደገና ያገኘዋል። ቢሻው የዚያን ቀን ደስ ብሎት ነበር ወደ ቤቱ የሄደው።

በመጋቢት ትዕግስት የምትባል ወጣት ቀያሽ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ይዛ መጣች። ምክር ቤቱ አገሩን የሚያሳያት ሰው ሲፈልግ ከቢሻው ሌላ ማንም አልታሰበም። እሷ በመስታወቷ አሻግራ እያየች በእጇ ምልክት ትሰጣለች፣ እሱ ቆፍሮ አናቱ ቀይ የተቀባ የእንጨት ችካል ይተክላል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ እፍኝ ከሰል ጨመረ። ማንም አላዘዘውም፤ ትዕግስትም ርቃ ስለነበረች አላየችም። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ ጉድጓድ ሲያይ ከሰል ይጨምራል።

አሥራ ሰባተኛው ችካል የገባው ከራሱ አጥር ውስጥ አንድ እርምጃ ላይ ነበር። ቢሻው ቀና ብሎ አየ። ከፊቱ የቤቱ ጥግ፣ የልጁ የርብቃ ክፍል ቆሟል። ርብቃ ትዳሯ ፈርሶ ከተመለሰች ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪና ተክላ የከተማውን ቀሚስና የተማሪውን ዩኒፎርም ትሰፋለች። ወደ ገበያው መንገድ የሚከፈት በር ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ቤቱን ይነካል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«የጥጉን ክፍል ይነካዋል ጋሼ። ግን ካርታ ስላለዎት ካሳ ይሰጥዎታል» አለችው ወረቀቷ ላይ እየጻፈች።

ከሰሉን ጨመረ፣ ችካሉን መታ፣ ወደ አሥራ ስምንተኛው ሄደ።

ዘርፌ ሦስት ቀን ዝም አለች። በአራተኛው ቀን እራት አቅርባለት ሳትቀመጥ ተናገረች። «የሰው ወሰን ስትመራ ኖርህ፤ ማንም ቅር ተሰኝቶብህ አያውቅም። የልጅህን በር ሲዘጉባት ግን ችካሉን መትተህ የተከልህላቸው አንተ ነህ» አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችምም። ቢጮኹበት ይችል ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ቢሻው እንደ ወትሮው ከዘርፌ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ቅዳሴው መካከል ላይ ሲደርስ ግን ራሱን ያመመው መስሎ ወጣ። ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አላገኘም። ችካሉን ነቀለው። ከጉድጓዱ ውስጥ ከሰሉ ታየው። ሊያወጣው እጁን ሰደደና መለሰ፤ የተቀበረ የወሰን ከሰል በሕይወቱ አውጥቶ አያውቅም። አፈር አለበሰው። ከዚያ አራት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ተራምዶ፣ በእሱ አጥርና በጎረቤቱ በእማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት መካከል፣ ሳማ ብቻ የሚበቅልበት ባዶ ቦታ ላይ ችካሉን መልሶ ተከለው። እዚያኛው ጉድጓድ ውስጥ ከሰል አልጨመረም።

በልቡ ማንንም የጎዳ አልመሰለውም። መስመሩ ባዶ ቦታ ላይ አለፈ፤ እሱንም አልነካ፣ መነኩሲቷንም አልነካ። ይኸ ነው የቢሻው ስሕተት። ዕድሜውን በሙሉ ያወቀው ወሰን ነው፣ ወሰን ደግሞ ስፋት የለውም፤ ድንጋይ ተተክሎ በግራና በቀኝ እስከ ድንጋዩ ድረስ ይታረሳል። ቦይ ግን ሆድ አለው፣ ዳርና ዳርም የሚጠረግ ቦታ ይፈልጋል። ይህን አንድ የጭቃ ሠራተኛ ሊነግረው ይችል ነበር። ማንን ይጠይቅ?

በግንቦት አጋማሽ የተቋራጩ ሰዎች መጡ። ሲባጎ ዘረጉ፣ ከአሥራ ሰባተኛው ችካል ግራና ቀኝ ለኩ፣ ከዚያ አንዱ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ሄዶ የእማሆይን ግድግዳ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረገበት።

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ እየሠሩ የሚኖሩ መነኩሲት ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ አንዱ ግድግዳዋ ከሄደ ሌላው የሚቆምበት የለውም። ማዘጋጃ ቤት ሳይኖር የተሠራች ስለሆነች ካርታ የላትም፣ ካርታ ለሌላት ቤት ካሳም የለም። የዚያን ዕለት ማታ ላይ ቢሻውን አጥሩ ሥር ጠሩት።

«ቢሻው፣ ይችን ነገር እያት እስኪ» አሉት ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። «ከሰዓት ወጥቼ ሳያት መስቀል መስላኝ ተሳለምኋት። ጎረቤት ነው ኋላ ማፍረሻ ምልክት ነው ብሎ የነገረኝ።»

ከንፈራቸው ዳር ቀይ ቀለም ነክቷቸው ነበር፤ ገና አልለቀቀም። ቢሻው ያን ቀለም ያየ ጊዜ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

«እማሆይ፣ ምክር ቤት እናቀርበዋለን» አለ በመጨረሻ።

«አቅርብልኝማ። አንተ ካለህበት ምን እፈራለሁ» አሉና ገቡ።

ሐሙስ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ትዕግስት በስልክ ተነግሯት ፕላኗን ጠቅልላ መጣች። ወረቀቱን በሦስተኛ «ለ» የአስተማሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየች፦ በፕላኑ መሠረት አሥራ ሰባተኛው ነጥብ አሁን ካለበት ሦስት ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ነው፤ የእማሆይ ቤት አይነካም፣ የሚነካው የጋሽ ቢሻው ጥግ ነው።

«ችካሉ ተነቅሏል» አለች።

ክፍሉ ተናወጠ። ወርቅነህ ጠረጴዛውን መታ።

«ማን ይነቅለዋል?» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የእህል ነጋዴ። «በጋሽ ቢሻው አጥር ሥር ችካል የሚነቅል ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ወረቀቱ ነው የተነካካው። ችካሉ ሲተከል ሁላችንም አይተናል፤ ወረቀቱን የት ተቀምጣ እንደሠራችው ግን ማን አየ?»

«የወረቀቱ ልክ ከመሣሪያው ላይ ነው የተወሰደው» አለች ትዕግስት።

«ምን ሰጥተውሽ ይሆን» አለ ሌላው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

ልጅቱ ፕላኗን መጠቅለል ጀመረች፤ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተፈታባት። ቢሻው ይህን ሁሉ አየ። ከእሱ ዴስክ እስከ እሷ አምስት እርምጃ አይሞላም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አፉ ውስጥ ነበር፣ አልወጣ አለው። ሰው ሁሉ ዝምታውን ጨዋነት አድርጎ ቆጠረለት።

ወርቅነህ ሰዓቱን አየ። «ተቋራጩ ሰኞ ካልጀመርሁ ዕቃዬን ጭኜ እሄዳለሁ ብሏል። ሰኔ ሠላሳን ካለፍን ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ዛሬ መወሰን አለብን፤ ችካሉ ወይስ ወረቀቱ?»

እህል ነጋዴው እጁን አወጣ። «እኛ የራሳችን ወግ አለን። ጋሽ ቢሻው እዚሁ አሉ። ችካሉን ሲተክሉ ነበሩ። ምለው ይምሩ፤ እሳቸው በመሩበት ይቆፈር።»

ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ እንዴት እስካሁን አላሰብነውም የሚል ዓይነት ትንፋሽ ነበር። የምክር ቤት አባል ያልሆኑት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እጅ ሳያወጡ፣ ወርቅነህም ሳይፈቅድላቸው ተናገሩ።

«ቢሻው ከማለ ቤቴን በገዛ እጄ አፈርሳታለሁ።»

ድምፅ ተሰጠ። ሃያ እጅ ተነሣ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ቢሻው ዞረ፤ እሱም ቀስ ብሎ እጁን አነሣ። ሃያ አንደኛው እጅ የራሱ ነበር። መምራቱ ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን በቃለ ጉባኤው ተጻፈ።

እነዚያን ሁለት ቀናት ቢሻው እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። የሚያስጨንቀው የጥጉ ክፍል አልነበረም፤ እሱን ሐሙስ ዕለት ዴስኩ ላይ እንደተቀመጠ በልቡ አፍርሶታል። የሚያስጨንቀው ቃሉ ነበር። እዚህ ዋሸሁ ካለ፣ በስማዳ ሸለቆና ተረተር ላይ የተከላቸው ድንጋዮች ሁሉ ምን ይሆናሉ? በየማሳው ሰላም ያደረው የሱ ቃል ስለተቀበረበት ነው። ዝም ካለ ደግሞ የአንዲት መነኩሲት ቤት ይፈርሳል፤ የምታፈርሰውም ራሷ ናት፣ እሱን አምና። ሁለቱን እያመዛዘነ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲል ዋለ።

«ማን አየህ?» አለችው ዘርፌ ዓርብ ከሰዓት። ከቅዳሴ አቋርጦ የወጣበትን እሑድ አልረሳችም፤ እሷም ከስታ ነበር። «ማንም አላየህም። የእማሆይን ቤት እኛው በጓሯችን እንሠራላቸዋለን። ሽንኩርትና በርበሬያቸውንም እኛ እንችላለን።»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ቢሻው።

ዘርፌ ወደ ጓዳ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ግን የስፌት መኪናው ከጥጉ ክፍል ወጥቶ ዋናው ቤት ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ አየ። ቁርጥራጭ ጨርቁ ሁሉ በቅርጫት ተሰብስቧል። ርብቃ ቀና ብላ አላየችውም። ነገሩን ከማን እንደሰማች አልጠየቃትም፤ ኮሮጆውንና ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ የወይራ በር ገበያ ነው። ገበሬው አህያውን እንደጫነ፣ ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ አሥራ ሰባተኛው ችካል ጎረፈ። የድሮ ወሰን መሪ ለከተማ ቦይ ሊምል ነው ሲባል ማን ይቀራል። ቢሻው ከሕዝቡ መካከል ፊልጶስን አየው፤ በቅሎውን በልጓም ይዞ ቆሟል። ፊልጶስ ባርኔጣውን አነሣለት።

ቄሱ ወንጌሉን በነጭ ጨርቅ አቅፈው ቆሙ። ቢሻው ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ወንጌሉ ላይ ጫነ። የመሃላውን ቃል ከአባቱ ጀምሮ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቄሱ ማስጀመር እንኳ አላስፈለጋቸውም።

«ያየሁትን ካልመራሁ» አለ።

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

«ለዘመድ ካደላሁ።»

«አሜን።»

«ያደረግሁትን ከሸሸግሁ» አለና ቆመ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ወንጌሉ ይፍረደኝ የሚለው ብቻ ነው። ሕዝቡ ጠበቀ፤ ቄሱም ቀና ብለው አዩት። አንዲት አህያ አናፋችና ዝም አለች።

ቢሻው እጁን ከወንጌሉ ላይ አነሣ።

«ይኸን መሃላ አልጨርሰውም» አለ። «ችካሉን የነቀልሁት እኔ ነኝ። እዚህም የተከልሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ እውነቷን ነው፤ ወረቀቷም እውነት ነው።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ወርቅነህ ወደ እሱ ቀርቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ቢያደርገውም ሁሉም ሰማ። «ጋሽ ቢሻው፣ ለእማሆይ አዝነው መሆኑን እናውቃለን። እርስዎ እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም። ቤትዎን መስጠት ከፈለጉ ይስጡ፣ ስምዎን ግን ለምን ያጎድፋሉ?»

«እውነት ነው፣ አዝኖላቸው ነው» ይባባል ጀመር ሕዝቡ። አንዳንዷ ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። በዚያች ደቂቃ ቢሻው ዝም ቢል ኖሮ ቤቱን ሰጥቶ፣ መነኩሲቷን አድኖ፣ ስሙን ከበፊቱ በላይ ከፍ አድርጎ ይመለስ ነበር። ይህን ያውቅ ነበር፤ ዝም ለማለትም ልቡ ተመኘ። እዚያው ቆሞ ተመኘ።

አላደረገውም። ሕዝቡን በመካከል ሰንጥቆ ወደ አጥሩ ገባ፣ አንድ ቦታ ላይ ተንበረከከ፣ በዱላው ጫፍ ብረት መቆፈር ጀመረ። ሰው አጥሩን ተደግፎ አየ። ጥቂት እንደቆፈረ እጁን ሰዶ አንድ እፍኝ ጥቁር ነገር አወጣና በመዳፉ ይዞ አሳያቸው።

«ሃያ ስድስቱን ችካል ስተክል ከሃያ ስድስቱም ሥር ከሰል ጨምሬያለሁ። የፈለገ ሄዶ ይቆፍር። እዚያ፣ ችካሉ አሁን ባለበት፣ ከሰል የለም። እዚህ ግን አለ።»

እህል ነጋዴው ራሱ ሄዶ ችካሉን ነቅሎ ጉድጓዱን በጣቱ ፈተሸ። አፈር ብቻ ነበር። ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከሕዝቡ መካከል ቆማ የነበረችው ትዕግስት ችካሉን ከእጁ ተቀብላ ወደ አጥሩ ገባች፣ ከሰሉ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አቆመችው። ወደ ቢሻው ሳታይ «ይምቱት» አለችው። መታው።

እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ እስከዚያ ድረስ ከደጃፋቸው አልተነቃነቁም። ቢሻው አንድ ቃል እንዲናገሩት ጠብቆ ነበር፤ ርግማንም ቢሆን። መቋሚያቸውን አንሥተው ቤታቸው ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት፤ የመወርወሪያው ድምፅ ተሰማ። ከዚያች ቀን በፊት ያ በር በቀን ተዘግቶ አያውቅም። ቢሻው በሕይወቱ እንደዚያ ድምፅ ያሳፈረው ነገር የለም።

ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ገበያው ተበተነ። ወርቅነህ ሰኞ ምክር ቤቱ ስለ አባልነቱ እንደሚነጋገር ነገረውና ሄደ። የተቋራጩ ሰው ከእማሆይ ግድግዳ ላይ ቀዩን ቀለም በጋዝ በተነከረ ጨርቅ ይፍቅ ጀመር። ቢሻው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ቀና ሲል ፊልጶስ በቅሎውን አንድ ዛፍ ላይ አስሮ፣ ብቻውን ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«አያ ቢሻው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ።»

«ያን ጊዜ እኔና ክንዱ የተጣላንበት ግማሽ ጥማድ፣ የማን ነበር?»

«የክንዱ ነበር። ምዬ ነው የመራሁት።»

«መማልዎንማ አይቻለሁ» አለ ፊልጶስ።

«እውነት ነው የምልህ ልጄ። ከድንጋዩ ሥር ከሰል አለ፣ ሄደህ ቆፍረህ እይ።»

ፊልጶስ ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ከሰሉንማ የጨመሩት እርስዎ ነዎት» አለ። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን መሬት ክንዱ ሲያርሰው እያየሁ ያለፍሁት ከሰሉን አምኜ አይደለም። እርስዎን አምኜ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እርስዎ መዋሸት እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።»

ቢሻው የድሮ መሃላው እውነት እንደነበር ያውቃል፤ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። የሚያሳይበት ነገር ግን አልነበረውም፤ የነበረው አንድ ነገር ቃሉ ነበር፣ እሱን ደግሞ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ቆፍሮ አውጥቶታል።

ፊልጶስ ለቢሻው እንደ ወትሮው ባርኔጣውን አላነሣም። በቅሎውን ፈትቶ ተቀመጠባትና ነዳት። የሄደው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ አልነበረም፤ ወደ ክንዱ ማሳ በሚያወጣው አቀበት ነበር።

ቢሻው ተነሣ። ጫማው ቄሱ ወንጌሉን ይዘው ከቆሙበት አጠገብ፣ ጠዋት ባወለቀበት ቦታ ነበር፤ ለማንሣት ጎንበስ አላለም። ያን ጊዜ በሁለቱ ሰዎች መካከል ሲገባ ይዞት የገባ ቃል ነበረው፤ አሁን መካከላቸው ሊያስቀምጥ የሚችለው የገዛ ሰውነቱን ብቻ ነው። አቀበቱን በባዶ እግሩ ተያያዘው።